በሦስት ጆሮ የገባ ቃል

ባለፈው ሳምንት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በሰፈራችን አጥሮች ላይ በቀይ የዘይት ቀለም ምልክት ሲያደርጉ ዋሉ፤ እኔ ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ስለነበር ከወሬው በፊት የደረሰኝ ሽታው ነው። ወዲያው አንዲት ጎረቤት በአጥሩ በኩል መንገዱ የሚሰፋው መቼ እንደሆነ ልጄን ጠየቀቻት፤ ልጄም የከተማውን ወሬ ከምታነብበት ስልክ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ "ገና ነው" ብላ መለሰችላት። ከአልጋዬ ተነሥቼ ጮኽኩባት። በእኔ ቤት ይህ ቃል ብቻውን መልስ ሆኖ አይነገርም፤ መቼ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ካወቀ ቀኑን ይናገር፣ ካላወቀ አላውቅም ይበል። ልጆቼ ይህንን ከአባታቸው ግትርነት እንደ አንዱ ቆጥረውት ነው ያደጉት። ምክንያቱን ነግሬያቸው ስለማላውቅ አልፈርድባቸውም።

ያደግሁት እዚሁ ነጌሌ፣ ከቦሬ እህል ጭነው የሚመጡ መኪኖች ወደ ዶሎ ከመውረዳቸው በፊት ለማደር በሚቆሙበት መንገድ ዳር ነው። ሰፈራችን ትንሽ ብትሆንም ለብዙ ዓይነት ሕዝብ ትበቃ ነበር። ከፊት ለፊታችን ሻይ ቤት ያላት፣ ሻይዋ ላይ ዝንጅብል የምታበዛ ሶማሌ ነበረች፣ ከጀርባችን አንድ የኮንሶ ግንበኛ እሑድ ሰኞ ሳይል ድንጋይ ይጠርብ ነበር፣ በቀኛችን የወታደር ሚስት የነበሩት እትዬ አስካለ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ከማለዳ እስከ ማታ ያንኳኩ ነበር፤ በግራችን ደግሞ የሣር ክዳን ቤትና ሦስት ላሞች የነበሯቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው የቦረና ሽማግሌ ኦቦ ጂሎ ይኖሩ ነበር። ግቢያቸው በጢስ የታጠነ የወተት ዕቃ ይሸታል፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያ ጢስ የሌለበት ወተት ሲቀርብልኝ ነጭ ውሃ የጠጣሁ ይመስለኛል። እናቴ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። በዚያ ዘመን የጸሎት ቤቷ በር ታሽጎ ስለነበር መዝሙሯን በቤት ውስጥ በሹክሹክታ ትዘምር ነበር፤ ማንም አይሰማኝም ብላ ስታስብ ኦቦ ጂሎ በአጥሩ በኩል "ዛሬ አሳጠርሽው" ይሏታል። እኔ በኦሮምኛ አፌን የፈታሁት በእሳቸው ጭን ላይ ነው። ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁኝ ስለ ራሴ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ዶሮዎቻችንም ሳይቀር "ናጋ"፣ ሰላም ነው፣ እያልኩ መመለስ ነበረብኝ፤ አንዷን ዶሮ ከዘለልኩ እንደገና ያስጀምሩኛል።

አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየሁም። ያስተማረኝ የቤታችን ግድግዳ ነው። እናቴ ነፋስ እንዳይገባ ጋዜጣ በሙጫ ለጥፋበት ነበር፤ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች ስለለጠፈችው ለብዙ ዓመታት የዓለምን ወሬ የማውቀው እስከ እኩሌታው ብቻ ነበር። ፊደሎቹን በከሰል እያስመሰልኩ ስጽፍ ስጽፍ እጄ ተቃና፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝም በሰፈሩ ውስጥ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። ይህንን ለኩራት አልጽፈውም። መከራዬ የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

ዘመኑ ወጣት የሚታፈስበት ዘመን ነበር። መኪናው ሳይታሰብ ይመጣል፣ ከገበያ፣ ከሻይ ቤት፣ ከኳስ ሜዳ የተገኘውን ወንድ ልጅ ለውትድርና ጭኖ ይሄዳል። ከከተማ ሸሽቶ ለመውጣት የቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛውን የሚሰጠው ደግሞ የአፈሳውን ስም ዝርዝር የሚያዘጋጀው ያው ሰው ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የእጅ ጽሑፌን አይቶ ማስታወቂያ እንድጽፍ ወሰደኝ። ማስታወቂያውን እጽፋለሁ፣ በቦኖው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ ውሃ ለሚጠብቀው ሰው በአማርኛ አንብቤ በኦሮምኛ እተረጉማለሁ። የስኳር ራሽን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ስብሰባ እንደቀረ፣ የማን ፍየል እንደጠፋ፣ ሰፈሩ የሚሰማው ሁሉ በእኔ አፍ ነበር። ይህንን እስከሠራሁ ድረስ ስሜ በዝርዝሩ አይገባም። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም፣ ግን እናቴም ታውቀው ነበር፤ ማታ ማታ እጄን ይዛ ስትጸልይ ጣቶቼን አጥብቃ ትጨብጣቸዋለች።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ መንገዱ ሊሰፋ፣ በዳሩም መጋዘንና አዲስ ለሚመጡ ኃላፊዎች መኖሪያ ሊሠራ ነው ተባለ። የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች እንደሚነሡ፣ ቀኑ ወደፊት እንደሚገለጽ የሚናገረውን ማስታወቂያ ጽፌ ለጠፍኩ። አቅም ያላቸው ነጋዴዎች ወዲያው ቆርቆሮ አለበሱ፤ ሣር እንደለበሱ የቀሩት የእትዬ አስካለና የኦቦ ጂሎ ቤቶች ብቻ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀኑ የተቆረጠበት ደብዳቤ መጣ፤ ሊቀመንበሩ ቅጂ እንዳወጣለት ሰጠኝ። ቤቶቹ በጥር ወር መጨረሻ እንደሚፈርሱ፣ እስከዚያ ድረስ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ግን እዚያው አካባቢ ምትክ ቦታ እንደሚያገኝ ይላል። ጽፌ ስጨርስ ሁለቱንም ወረቀቶች ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባቸው። ምትክ ቦታዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ለእነማን እንዳሰባቸውም ለመገመት ብዙ ብልህነት አያስፈልግም።

"ጽሑፍህ ቆንጆ ነው" አለኝ። "አፍህንም እንደ ጽሑፍህ አድርገው። ከመስመር አይውጣ።"

በማግሥቱ ጠዋት ቦኖው ጋ ኦቦ ጂሎ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ። "ማኒ ኪያ ዮም?" አሉኝ፤ የእኔ ቤት መቼ ነው ማለታቸው ነው። በጭናቸው ላይ በተማርኩት ቋንቋ ነበር የጠየቁኝ። ቀኑን አውቀዋለሁ፣ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። የቀበሌው ጥበቃ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። በኦሮምኛ ብመልስ ከእሳቸው ዓይን ፊት መዋሸት የማልችል መሰለኝና ወደ አማርኛ ሸሸሁ።

"ገና ነው፣ ኦቦ" አልኩ፤ እንዳልተቆረጠ ለማለት ነው።

የፊደላችን ነገር አስቸጋሪ ነው፤ ላልቶ የሚነበበውና ጠብቆ የሚነበበው በወረቀት ላይ አንድ ነው፣ በእኛ ከተማ አነጋገር ደግሞ በአፍም ቢሆን ብዙ አይለይም። ከኋላቸው ወረፋ ይዘው የነበሩት እትዬ አስካለ የሰሙት የልደትን በዓል ነው፤ ቤቴ በበዓሉ ሊፈርስብኝ ነው ብለው ባልዲያቸውን እዚያው ጥለው ሄዱ። ኦቦ ጂሎ ግን በቦረና አፍ ነው የሰሙት። "ጋና" ለእነሱ ረጅሙ ዝናብ የሚጥልበት፣ ከበጋው በኋላ ሣር የሚበቅልበት ወቅት ነው። ፊታቸው በራ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ጄሪካናቸውን ሊሞሉ ተመለሱ። እኔ በዚያች ሰዓት የሁለቱንም አልገባኝም፤ ያመለጥኩ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እትዬ አስካለ በቀጥታ ቀበሌ ገብተው የሊቀመንበሩን ጠረጴዛ በጡጫ እየመቱ አለቀሱ። "በልደቱ ቀን ሜዳ ላይ ልትጥለኝ ነው? ክርስትና ተነሥተህ የለም እንዴ? የመጀመሪያ ሱሪህን የሰፋሁልህ እኔ አይደለሁም?" አሉት። በቢሮው ውስጥ ሰው ሞልቶ ስለነበር ማመልከቻቸውን ከመቀበል ሌላ መውጫ አላገኘም፤ ምትክ ቦታም አገኙ። ከዚያ እኔን ጠራኝና ማን እንደነገራቸው ጠየቀኝ። ቃሉን በስህተት እንደሰሙት ሳስረዳው መጀመሪያ ሳቀ፣ በዓሉን ማሰባቸው በጣም አስቆት ዓይኑን ጠረገ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"አንድ ሰው ተሳስቶ ቢሰማ ስህተቱ የሰሚው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተሳስቶ ቢመጣብኝ ግን የተናጋሪው ነው። መኪናው ሐሙስ ይመለሳል።"

ረቡዕ ዕለት ኦቦ ጂሎ ሊሰናበቱን በአጥራችን በኩል ገቡ። ላሞቻቸውን በሜጋ አቅጣጫ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ነድተው በጋውን እዚያ ሊያሳልፉ ነው። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች፣ በግቢው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። በኦሮምኛ "ጋና ሲገባ እመጣለሁ፣ ያልከኝም እሱን አይደል? ያን ጊዜ ማመልከቻዬን ትጽፍልኛለህ። ብዕርህን አታድርቀው" ብለው ሳቁ። ነገሩ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ጥበቃው አልነበረም፣ ሊቀመንበሩ አልነበረም፣ መኪናውም ቢሆን የሚመጣው በማግሥቱ ነው። "ጋና አይደለም፣ ጥር ነው" ለማለት አራት ቃል ይበቃኝ ነበር። "ናጋን ዴሚ" አልኳቸው፤ በሰላም ይሂዱ ማለት ነው። እሳቸውም በሰላም ሄዱ።

ጥር ሲያልቅ ገመድ በጭነት መኪና ላይ አስረው ቤቱን ጎተቱት። የሣር ክዳን ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤ አቧራው ግን እስከ እኩለ ቀን ድረስ በሰፈሩ ላይ ቆየ፣ በሻይ ቤቷ ብርጭቆዎችም ላይ አረፈ። እናቴ የወተት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ተሸክማ ወደ ቤታችን አስገባች፤ ዞራ አላየችኝም። የርክክቡን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ባለንብረቱ ተነግሮት በጊዜው ያልቀረበ በመሆኑ" ይላል። ያን ቀን የእጄ ጽሑፍ እንደወትሮው ያማረ ነበር።

መጋቢት አልቆ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሦስተኛው ቀን ኦቦ ጂሎ ሁለት ላሞች ብቻ እየነዱ ተመለሱ፤ አንዷን በጋው በልቷታል። በራቸው በነበረበት ቦታ የመሠረት ጉድጓድ ተቆፍሮ ጭቃማ ውሃ ሞልቶት ነበር። ላሞቹ ግን ቤታቸውን ያውቁ ነበርና በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አልንቀሳቀስ አሉ። እናቴ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤታችን አስገባቻቸው። እኔ ልሸሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ያለ መሸኛ የት ይሸሻል?

ምን ሊሉኝ እንደሚችሉ ሦስት ወር ሙሉ ሳስብ ከርሜያለሁ። ሊረግሙኝ እንደሚችሉ አስቤ ነበር፣ ሊመቱኝም እንደሚችሉ። ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ እትዬ አስካለ በዓል ከእናቴ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለጉ እንዲህ አሉኝ፦

"ጥፋት የኔ ነው፣ ልጄ። አማርኛ ትንሽ ነው እኔ ጋ። አንተ በደንብ ነው የተናገርክ።"

እኔም ዝም አልኩ። ይቅርታቸውን ተቀበልኩ ማለት ነው፤ ከበደሉ ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ከቄራው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይተው ወተት ወደ ከተማ ያመላልሱ ጀመር። በመንገዱ ዳር መጋዘኑ ቆመ፣ የኃላፊዎቹ ቤቶች ቆርቆሮ በፀሐይ እያብለጨለጨ ዓይን ያስጨፍን ነበር። ሻይ ቤቷ ለአዲሱ መንገድ መልክ አትመጥንም ተብላ ተዘጋች፣ ግንበኛውም ቤቶቹን ሠርቶ ሲጨርስ በሠራቸው አጠገብ መኖር እንደማይችል ተነገረው። ዝምታዬ ያተረፈልኝ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው በጋ መኪናው እኔንም ጫነኝ። መንግሥቱ ወድቆ ስመለስ ኦቦ ጂሎ ሞተው ነበር።

በዚያች አንድ ዓመት ግን ጠዋት ጠዋት ወተታቸውን ይዘው ሲመጡ ቦኖው ጋ እንገናኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድም ጊዜ ኦሮምኛ አልተናገሩም። ዶሮዎቹም፣ እናቴም፣ "አካም ቡልቴ"ም ቀሩ። ወተት ለእትዬ አስካለ ሲያደርሱ በየቀኑ አንድ አንድ ቃል እየጠየቁ ይማሩ ነበር አሉ፤ "እንዴት አደርክ" ይሉኛል፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እያንዳንዷን እያጠበቁ። ሳልችል ቀርቼ በኦሮምኛ ስመልስላቸው እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኛል።

"በአማርኛ ንገረኝ፣ ልጄ። ቀስ ብለህ። እንዳልሳሳት።"

ቀስ ብዬ እነግራቸው ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስኳሩ ራሽን፣ ስለ እናቴ ጤና እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለው አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ያዳምጡኛል፣ የምነግራቸው ሌላ ነገር እንደሌለ እስኪያረጋግጡ ድረስም ጄሪካናቸውን አያነሡም ነበር።