ያልራሰው መዝገብ

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጣሪያ በከባዱ ዝናብ ሲደረመስ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበረው የሃያ ስድስት ዓመት ወረቀት አብሮ ጭቃ ሆነ። የእርሻ ድጎማው ማመልከቻ ሊዘጋ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። ያለፈው ዓመት ድርቅ ጎተራውን ሁሉ አራግፎት ስለነበር፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ባለማሳዎች ለመጪው ወቅት ዘር የሚገዙት በዚያው ድጎማ ነበር።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ኦዲተር ጉዳዩን በልቡ ዘግቶ ነበር የመጣው። ማስረጃ ከሌለ ክፍያ የለም፤ ደብዳቤውን ጽፎ በማግስቱ መመለስ ነው። ጠዋት ግቢው ሲገባ ግን አጠር ያሉ፣ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሴት የራሰ ዶሴ እንደ ልብስ ገመድ ላይ ሲያሰጡ አገኛቸው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ አካባቢው በሙሉ «እትዬ ድንበር» ይላቸዋል።

«እትዬ፣ አይልፉ። ቀለሙ እኮ ታጥቧል፤ ምንም አይነበብም» አላቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። የራሰው ወረቀቱ ነው፤ እኔ አልራስኩ። በል ብዕርህን አውጣና ጻፍ።»

ሳቁ መጣበት። ለወጉ ያህል ብዕሩን አወጣ። እሳቸው ከወንዙ ማዶ ተነሥተው ማሳ በማሳ ይዘረዝሩለት ጀመር፤ የማን እንደሆነ፣ ስፋቱን፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ ምን እንደሚዘራበት። «የአንጥረኛው ሚስት፣ ሁለት ሄክታር ከሩብ። ሩቧ ድንጋይ ናት፤ ለድንጋይ አይከፈልም፣ ሁለት በል።» ስልሳኛው ላይ ሲደርሱ የኦዲተሩ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። ፀሐይ ስትጠልቅ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛውን ጻፈ።

ቢሆንም እንጀራው መጠርጠር ነው። በማግስቱ ሜትሩን ይዞ ወጣና ከዝርዝሩ እንደመጣለት አሥር ማሳ መረጠ። ጭቃ ለጭቃ ሲንቦጫረቅ ዋለ። ዘጠኙ ልክክ አሉ። አሥረኛው ላይ ባለቤቱ ወገቡን ይዞ ቆሞ ጠበቀው።

«ሦስት ሄክታር ነው!» አለ።

ዝርዝሩ ሁለት ተኩል ይላል። ኦዲተሩ ለካው፤ ሁለት ተኩል። ሰውየው አኩርፎ ተከትሎት ጽሕፈት ቤት ድረስ መጣ። ለካ የእትዬ ድንበር ታናሽ ወንድም ኖሯል!

«የእናቴ ልጅ ሆነሽ ግማሽ ሄክታር ትነፍጊኛለሽ?»

«እሷን ከሦስት ዓመት በፊት ለጎረቤትህ ሸጠህ የለም እንዴ? ስትለካ ገመዱን የያዝኩት እኔ አይደለሁ?»

ወንድም ጆሮውን አከከና ወጣ። ኦዲተሩ ሜትሩን ጠቀለለ።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት ያዙት?»

«በየዓመቱ በእግሬ እዞረዋለኋ። ደንቡ ከመቶው ማሳ አምስቱን እዩ ነው የሚለው። እኔ ግን ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ልፈርም ስል እጄ እሺ አይለኝም።»

ዓይኑ ሳያስበው ወደ ጫማቸው ሄደ። በእነዚያ አጫጭር እግሮች፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ ሃያ ስድስት ጊዜ።

ዝርዝሩ ከእትዬ ድንበር ቃል እንደተጻፈ ሲነግረው አለቃው ስልክ ላይ ሳቀበት። «የሴትየዋን ጭንቅላት አሽገህ ልትልክልን ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። እያንዳንዱ ባለማሳ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ቀርቦ ይፈርምበታል። የለካሁትም አለ፤ እኔም እፈርማለሁ» አለ። አለቃው «እንግዲያው በራስህ ኃላፊነት» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ስድስት ቀን ሙሉ ሰልፉ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተዘረጋ። በዘጠነኛው ቀን፣ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ማመልከቻው ተላከ። አሥራ አንዱ በፊርማ ጉድለት ተመልሶ ዘግይቶ ተከፈለ፤ የቀረው በወሩ ገባ፤ ዘሩም በጊዜው ተዘራ።

ቡቃያው ብቅ ሲል ኦዲተሩ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ ማንም ሳይልከው፣ ከእትዬ ድንበር ጋር ማሳ ለመዞር መጣ። ዳገቱ ላይ ሁለቴ ተቀመጠ። እሳቸው ቆመው ጠበቁት።