ለልጄ የኖርዌይ ስም ስፈልግ

ከጎንደር የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ወደ መተማ የሚወርደው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር ተጣብቄ ስቀመጥ፣ ቦርሳዬን ተሸክሞልኝ የመጣው ታናሽ ወንድሜ ብሩክ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «እትዬ፣ ደርሰሽ ጥሪኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

እኔ በካርቱም በኩል፣ በስደተኞች ኮታ ኦስሎ ደረስኩ። እሱ እስክጠራው አልታገሠም። በዓመቱ በዚያው መንገድ ወጥቶ ሊቢያ ገባ፣ አንድ ቀን «ነገ ጀልባ እንሳፈራለን» ብሎ ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። አስከሬኑንም ያየ የለም።

እዚህ ወንድ ልጅ ስወልድ እናቴ ጎንደር ሆና ስሙን አዘጋጅታ ነው በስልክ የጠበቀችኝ።

«ምትኩ በይው።»

«የማን ምትክ፣ እምዬ?»

«እያወቅሽ አትጠይቂኝ።»

እሷ ለቅሶ ተቀምጣ ጨርሳለች። እኔ አልተቀመጥኩም። ልጄን ምትኩ ካልኩት ብሩክ ሞቷል ብዬ በገዛ እጄ መፈረሜ ነው። የክርስትና ስሙስ በአርባ ቀኑ ወጣለት፤ የቸገረኝ መጠሪያው ነበር።

ባለቤቴ አስፋው፣ አልናብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። በሀገሩ ሒሳብ የተማረ ሰው ነው። «የፈረንጅ ስም ይሁንለት» አለኝ። «የእኔን የሥራ ማመልከቻ ስሜን ሲያዩ ነው የሚያስቀምጡት። የእሱን እንኳ ከፍተው ያንብቡለት።» እውነቱን ነው። ግን እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ትርጉሙን ያላወቅሁት ቃል አልፎኝ አይሄድም። ልጁን በጋሪ እየገፋሁ በዚያ በረዶ ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርኩ፤ ቤት መቀመጥ አልሆንልሽ አለኝ።

የስሞች መዝገበ ቃላቱን ስገልጥ ምን ላገኝ! ቢዮርን ድብ። ስታይን ድንጋይ። ኦድ የጦር ጫፍ። አርነ ንስር። ጉናር ጦረኛ። እኛ ስም ስናወጣ ደስታችንን ወይ ብሶታችንን እንናገራለን፤ እነዚህ አራስ ቤት ውስጥ ዘመቻ ያውጃሉ።

ፕሪንስዳል በሚባል ሰፈር ምድር ቤቱን ያከራየን ሽማግሌ ኡልፍ ይባላል፤ ተኩላ ማለት ነው። እርስዎ የሚሉት ነገር ስለሌላቸው የአባቴን እኩያ አንተ ስለው እስካሁን ፊቴ ይቀላል።

«ስምህ አያስፈራህም?» አልኩት።

«እኔን?» አለ፣ ብሩኖስት የሚሉትን ቡናማ አይብ እየቆረሰ፤ አይብ ሆኖ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል። «እኔ እኮ ድመት እንኳ ያስነጥሰኛል። ግን ለልጅሽ አይሆንም። ትምህርት ቤት በጩኸት ነው የጨረሱኝ፤ ባዩኝ ቁጥር እንደ ተኩላ ኡ... ኡ...»

ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ስሙ መመዝገብ አለበት ስለተባልኩ ሄልስፊር ሰፈር ወደሚገኘው ስም መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ ጊዜ ይጨመርልኝ ልል።

«ይህን ያህል ስም እያለ?» አለኝ ጸሐፊው።

«ትርጉማቸው አልጣመኝም።»

«ትርጉም? ስም እኮ ስም ነው።»

ደረቱ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። «ትሪግቬ። የሚታመን ማለት ነው።»

ጎንበስ ብሎ የራሱን ደረት አየ። «እንዲህ ነው? እኔ የማውቀው የአያቴ ስም መሆኑን ነው። እሱ ሞተ፣ እኔ ተወለድኩ፣ ተሰጠኝ። እዚህ ብዙ ሰው እንዲህ ነው።»

ወጥቼ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆምኩ፣ ሁለት ባቡር አለፈኝ። ከምትኩ ስሸሽ ሀገሩ በሞላ ምትኩ ሆኖ ጠበቀኝ!

በመጨረሻ ሌይፍ የሚል አገኘሁ። መጽሐፉ ወራሽ፣ የቀረ ይለዋል። ጦር የለው፣ አውሬ የለው፤ ማን ሞቶ እንደሆነም አይናገርም። አስፋው ሦስቴ ጮክ ብሎ ጠራውና «ይሄማ ማመልከቻው ይከፈትለታል» አለ። አስመዘገብነው።

እሁድ ለእናቴ ደወልኩ።

«ሌ... ምን?»

«ሌይፍ።»

«ትርጉሙስ?»

እሷም እንደኔው ናት። «የቀረ፣ የተረፈ ማለት ነው፣ እምዬ።»

«የቀረ» ብላ ደገመችው።

«ታዲያ ማን ሄዶ ነው እሱ የቀረው?»

«ብሩክ መንገድ ላይ ነው» አልኳት። ድምፄን እኔ ራሴም አላመንኩትም።

«ይሁን» አለች። «ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።»

አደረግሁለት። እሷ ከወዲያ ብዙ አወራችው፤ በየትኛው ስም እንደጠራችው አልሰማሁም። ልጄ ግን አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያዳምጣት ነበር።