አላፊ የሌለበት በር

ቪሊማይና የተወለደችበት መንደር ባሕር ስለገባበት ሕዝቡ ወደ ኮረብታው ተዛወረ። እሷም በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ ስትማር ለመመረቂያ ጥናቷ የያዘችው ይህንኑ ነው። መቃብሩ ግን ከታች ቀርቷል፤ እናቷም እዚያው ናት። አጽሙ ይነሳ አይነሳ የሚሉት ሹማምንት ጥናቷን እየጠበቁ ነው። እሷ ስለ መቃብር አንድም ሰው አልጠየቀችም። ፈርታ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከመንደሩ ሰዎች የቀዳችውን ቃል የምትለይበትን መንገድም የመረጠችው በዚሁ ፍርሃት ነው። ቤት፣ እርሻ፣ ውሃ፣ መንገድ ብላ ምድቦቹን አስቀድማ አዘጋጀች። የሰዉን ንግግር እየቆራረጠች እዚያ ትከታለች፤ አልገባ ያለውን ትጥላለች።

አማካሪዋ ዶክተር ሩክሚኒ አይታ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ሬሳ ሳይኖር ሣጥን ትገዣለሽ እንዴ?»

«ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

«ማለቁንስ ያልቃል፤ ምንም አታገኚበትም እንጂ! መስመር በመስመር ሂጂ። እያንዳንዱ ላይ ‹ሰውየው እዚህ ጋ ምን እያደረገ ነው?› በይና ስም ስጪው። ምድቡ ከዚያ ይወጣል። ወይ ይሄን ወይ ያንን፤ ምረጪና ሰኞ ንገሪኝ።»

እያጉረመረመች ከአክስቷ ከቲቲሊያ ቀረጻ ጀመረች። አሮጊቷ ምሳ እየበላች ስለ አዲሱ ቤት ታወራለች። መሃል ላይ ድንገት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ነዪ፣ ብዪ!» አለች። ቪሊማይና ይህችን መስመር ቀደም ሲል ጥላት ነበር። በነሱ ዘንድ በር ከፍቶ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይጠራል፤ ማን ቁም ነገር ብሎ ይይዘዋል?

አሁን ግን ስም መስጠት ግድ ሆነባት። «አላፊ እየጠራች» ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። የአክስቷ ቤት የኮረብታው መጨረሻ ላይ ነው። ከበሩ በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች ባሕር። በዚያ በኩል ማንም አያልፍም።

መልሳ አዳመጠችው። ጥሪው፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ሳህን ጠጋ ሲደረግ። ስልኳን አነሳች።

«አክስቴ፣ ያን ቀን ማንን ነበር ‹ብዪ› ያልሽው?»

«እህቴን ነዋ፣ እናትሽን! ውሃ ውስጥ ጥለናት ስንወጣ ማን ያብላት? አንቺ እንደሁ አትጠሪያት።»

ቪሊማይና «አላፊ» የሚለውን ሰርዛ «የቀሩትን ሙታን እየጠራች» ብላ ጻፈች። የሌሎቹንም ቀረጻ ከፈተች። ከእያንዳንዱ ቤት «ነዪ»፣ «ና ብላ» የሚል ጥሪ ይሰማል። ሁሉንም ቆርጣ የጣለችው እሷ ናት።

ምድቦቿን አጠፋች። ሰኞ ለዶክተሯ የምትነግረውን፣ ለሹማምንቱም የምትጽፈውን አወቀች፤ ሕዝቡ ሙታኑን ዛሬም ወደ ማዕዱ እየጠራ ነው። ካሳቫና ዓሣዋን አቅርባ የክፍሏን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። እናቷን ልትጠራ ብላ ድምጿ እንቢ ቢላት፣ ሳህኑን ወደ በሩ ጠጋ አደረገችው።