ጧፉ የጠፋበት ጉድጓድ

ጋሼ ወልደጻድቅን አንኮበር ላይ የማያውቃቸው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረው ጉልበታቸውን እዚያው ጭቃ ውስጥ ትተውት ወጥተዋል። ሲቀመጡ ያቃስታሉ፣ ሲነሱ ያቃስታሉ፤ "እንደምን አደሩ" ሲባሉ እንኳ መልሱ ከማቃሰት በኋላ ነው የሚመጣው። ከብቱ ያለቀበትና ምንጩ የነጠፈበት ያ ክፉ ዓመት ሲመጣ ባለርስቱ ሁሉ "ጉድጓድ ቆፍሩልን" እያለ ደጃቸውን አጣበበው። እሳቸው መውረድ አልቻሉም። ስለዚህ እኔንና ተክለጊዮርጊስን ማሠልጠን ያዙ።

መቆፈሩንማ ዶማ የያዘ ሁሉ ይችለዋል። እሳቸው የሚያስተምሩን ጉድጓዱን ከላይ ሆኖ መመርመር ነበር። በየክንዱ የተቋጠረ ረጅም ጠፍር አላቸው። ጫፉ ላይ ሞራ የተቀባ ድንጋይ አስረን ስናወርድ የታችኛው አፈር ተጣብቆ ይወጣል፤ አሸዋ ይሁን ዋልካ፣ ውሃው ቀርቦ ይሁን ገና፣ በጣታችን አሽተን እንናገራለን። ቀጥሎ በገል ላይ ያቆምነውን ጧፍ እናወርዳለን። እስከ ታች ከበራ ሰው ይወርዳል። ከጠፋ ግን ታች ያለው አየር ታፍኗልና ሰው ይገድላል፤ የእህል ጉድጓድ ከፍቶ ሳያናፍስ የገባ ሰው እንደሚሞተው ማለት ነው።

ቋጠሮውን ዓይናችንን አስጨፍነው ያስቆጥሩናል። ስንሳሳት አይቆጡም፤ በደከመ ድምፅ "እንደገና" ይላሉ እንጂ። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ተክለጊዮርጊስ ጉልበተኛና ሳቂታ ነው፤ ካገባ ገና ዓመቱ። ሚስቱ እናናየሁ ይህን ሥራ ፈርታው ስለነበር ጋሼ ቤቷ ድረስ ሄደው "እኔ እያስተማርኩት ምንም አይሆንም" ብለው ነው ያስፈቀዷት።

በሁዳዴ አንድ ቀን ከከተማው በታች ወዳለ ጉድጓድ ጧፍ አወረድን። አሥራ አራተኛው ቋጠሮ ላይ ጠፋ። ለኮስን፣ አወረድን፤ እዚያው ላይ ጠፋ። ባለርስቱ ደንግጦ የንስሐ አባቱን አባ ብርሃነ መስቀልን አስጠራ። እሳቸውም "ጋኔን ሰፍሮበታል" ብለው ጸሎት አድርሰው አንድ ገንቦ ሙሉ ጠበል ወደ ጉድጓዱ ገለበጡ። ከዚያ ጧፉ እስከ ታች በራ።

"ጠበሉ አስወጣው!" አለ ተክለጊዮርጊስ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ዞሮ ጋሼን አያቸው።

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ አልሆነም፣ እህል አልቀመሱም፣ ጉልበታቸው አብጧል። "እግዜር ያውቃል" ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ አያውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ከደብረ ብርሃን ጥሪ መጣ። ጋሼ መንገዱን ስላልቻሉት ሁለታችንን ላኩን። ሳምንት ሙሉ በሰላም ቆፈርን። እሑድን አርፈን ሰኞ ጠዋት የከደንነውን ጉድጓድ ከፍተን ያወረድነው ጧፍ አሥረኛው ቋጠሮ ላይ ጠፋ። ተክለጊዮርጊስ ከአንኮበር የያዛትን ጠበል ያለባትን ትንሽ ቅል ከአንገቱ አውልቆ ሦስት ጊዜ ረጨና አማተበ። ከዚያ ለመውረድ ወገቡን በገመድ ማሰር ጀመረ።

"ጧፉን እንደገና እናውርደው" አልኩት።

"ጠበል ከወረደበት በኋላ? እግዜርን ልትፈትነው ነው?" ብሎ ተቆጣኝ።

አፈሩን የሚያወጡት ሠራተኞች ሁሉ አዩኝ። እምነት የለውም መባልን ፈራሁና ገመዱን ያዝኩለት። እያዜመ ወረደ። አሥረኛው ቋጠሮ ላይ ዜማው ተቋረጠ። ጎተትን፣ ጮኽን፣ እጃችን እስኪላጥ ጎተትን፤ ያወጣነው ግን ሬሳውን ነው።

በሣልስቱ ዕለት እናናየሁ ቤት ተሰበሰብን። ለቀስተኛው "የደብረ ብርሃኑ ጋኔን የበረታ ነው" ይላል፤ አባ ብርሃነ መስቀልም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሼ ወልደጻድቅን ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ዝም ብለው ተቀምጠው ቢወጡ ኖሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚጠይቃቸው አልነበረም። እሳቸው ግን በሰው ትከሻ ተደግፈው ተነሱ።

"ጋኔን አይደለም" አሉ። "የታፈነ አየር ነው። ያን ጊዜ ጧፉን ያበራው የውሃው ብዛት ነው። አንድ ገንቦ ውሃ ከላይ ሲወርድ አየሩን ያናውጠዋል። የወንዝ ውሃም ቢሆን ያደርገው ነበር። ጠብታ ግን አያናውጥም።"

"ጠበሉን ልትክድ ነው?" አሉ አባ ብርሃነ መስቀል።

"አልክድም፣ አባቴ። ጠበሉም ይረጭ፣ ጧፉም ይውረድ ማለት ነበረብኝ። ለልጁ አልነገርኩትም።"

እናናየሁ ከተቀመጠችበት ጥግ ቀና አለች። ለቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል።

"ያን ቀን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ጋሼ የሚያመካኙበት ብዙ ነገር ነበራቸው፤ ጾሙ፣ ቄሱ፣ ባለርስቱ። አንዱንም አላነሱም።

"ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ" አሏት።