ልጄን ላመጣ ሄጄ

ከዳቬይተን መነሻ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከጆሃንስበርግ ዳር ካለችው ከዳቬይተን ተነሣሁ። የምሄደው ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ወዳለ አንድ የገጠር ኮሌጅ ነው። ጉዳዬ እዚያ የእርሻ ትምህርት የምትማረውን ልጄን ምሕረትን ጠቅልዬ ማምጣት ነው። እሷ ግን ይህን አታውቅም። በስልክ ያልኳት "ክረምቱ በርትቷል፣ ብርድ ልብስ ላምጣልሽ" ብቻ ነው። ከብርድ ልብሱ ሥር የምደብቃቸውን ሁለት ባዶ ሻንጣና የፍራሽ ማሰሪያ ገመድ ይዣለሁ።

ፈሪ ሰው ነኝ፤ አንባቢ ይህን ከአሁኑ ይወቅልኝ። "ፈሪ ለእናቱ" ይባል የለ? እናቴ ሆሳዕና አጠገብ በሰላም ትኖራለች። እኔ የምፈራው ለልጄ ነው። በዚያ ክረምት ደግሞ ለመፍራት ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም ነበር። ወረርሽኙ ከቸርቻችን ሰው ወስዷል፤ ቀብር እንኳ በቁጥር ሆኗል። በሽታው ፋታ ሲሰጠን ዘረፋው መጣ። በየመንደሩ የእኛ ሰዎች ሱቅ ተሰብሮ፣ መደርደሪያው ሳይቀር ተጭኖ ሄደ።

የእኛ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ እንደ ሁሉም ነው። እኔና ባለቤቴ አልማዝ ከውስጥ ቆልፈን እንቀመጣለን፤ ዳቦውና የስልክ ካርዱ በብረት ፍርግርጉ መካከል ይወጣል፣ ገንዘቡም በዚያው ይገባል። ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ አለን፦ ዘፈን ሲመጣ ዝጋ። ሊዘርፉ የሚመጡት እየዘፈኑ፣ መሬቱን በእግራቸው እየደበደቡ ነዋ። ቀድሞ የሰማ ሰው የላሜራ መዝጊያውን ያወርዳል። ምሕረት ልጅ ሳለች ማንም ሳይነግራት ሮጣ ባንኮኒ ሥር ትገባ ነበር።

አልማዝ ስትሸኘኝ ትከሻዬ ላይ እጇን ጭና ጸለየችልኝ። ከዚያ "የዓመቱ ትምህርት ቢቀር ይቅር፤ ልጄ አትቅርብኝ" አለችኝ።

በነስሩ ባኪ

እስከ ከተማ በታክሲ ሄድኩ። መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተው ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሲያስል ሁላችንም በአንድ ጊዜ ዞርን፤ ሰውየው "ሲጋራ ነው፣ ሲጋራ ነው" እያለ ማለልን። እስክወርድ ድረስ ትንፋሼን እየቆጠብኩ ተጓዝኩ።

ነስሩ የስልጤ ሰው ነው። መሐል ከተማ፣ የእኛ ሰው በሚርመሰመስበት በጂፒ ሰፈር፣ ብርድ ልብስና ካልሲ በጅምላ ይሸጣል። አንዳንድ ቅዳሜ በባኪው፣ ማለትም በፒክአፑ፣ ለገጠር ባለሱቆች ዕቃ ስለሚያደርስ ነው አብሬው የሄድኩት። ባለአበባውን ብርድ ልብስ በሁለት መቶ ራንድ ሰጠኝ፤ ለሌላ ሰው ሁለት መቶ ሃምሳ ነው።

"ማርቆስ፣ ማስክ ደርበህ ነው እንዴ?" አለኝ መኪናውን እያስነሣ።

"አንዱ ለበሽታው ነው፣ አንዱ ለፖሊሱ።"

"ወላሂ፣ አንተን የሚገድልህ ኮሮና አይደለም። ፍርሃት ነው።"

ሳቅኩለት እንጂ አላስቀኝም። ዊትባንክ ስንደርስ የመብራት ኃይል ማመንጫዎቹ ጭስ ሰማዩን ይዞታል፤ ድንጋይ ከሰል የጫኑ መኪናዎች ግራና ቀኝ ያጅቡናል። ከሚድልበርግ መውጫ ላይ ፖሊስ አስቆመን። የእኔ ወረቀት ጊዜው ያለፈ ነው። የስደተኞች ቢሮ በወረርሽኙ ምክንያት ስለተዘጋ የሁላችንም በጅምላ ተራዝሟል ተብሏል፤ ግን ይህን የሚያውቅ ፖሊስ አለ፣ የማያውቅም አለ። ይኼኛው በጓንት ይዞ ገለበጠው፣ ፊቴን አየ፣ ማስኩን ዝቅ እንዳደርግ አዘዘኝ። በዚያ ብርድ ጀርባዬ ላብ በላብ ሆነ። መጨረሻ ላይ "በሰላም ሂድ፣ ባባ" ብሎ መለሰልኝ። መመለሻዬም በዚያው መንገድ መሆኑን ሳስታውስ ደስታዬ ወዲያው ጠፋ።

ግሮብለርስዳል አጠገብ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሜዳው ሁሉ ብርቱካን ነው። ከመንገድ ዳር ከተደረደረው አንድ ከረጢት በሠላሳ ራንድ ገዛሁ፤ ምሕረት ብርቱካን ትወዳለች። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ እየተቦዳደሰ ሄደ፤ ቀይ አፈር፣ እሬት፣ ፍየል፣ ተራርቀው የተሠሩ ቤቶች።

ኮሌጁ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ሲቀረን አንድ የተቃጠለ ሱቅ አየን። ጣሪያው ወደ ውስጥ ወድቋል። ግድግዳው ላይ በአማርኛ የተጻፈ "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚል ጽሑፍ ግማሹ ጠቁሮ ይታያል። ነስሩ መንዳቱን ቀዝቀዝ አደረገ። ባለቤቱን ያውቀው ነበር፤ ካልሲ ያደርስለት የነበረ ነው።

"ሰውየው ተርፏል፤ ፖሎክዋኔ ነው ያለው" አለ፤ ሌላ ቀልድ አልጨመረም። እኔ ደግሞ ልጄ ከዚህ ቦታ የምትተኛው ስንት እርምጃ ርቃ ነው እያልኩ ማስላት ጀመርኩ።

ኮሌጁ

ዘበኛው ግንባሬ ላይ የሙቀት መለኪያ ደገነብኝ። "ሳንቦናኒ" ብዬ በዙሉኛ ሰላም ብለው "እዚህ ቶቤላ ነው የሚባለው፣ ማይ ፍሬንድ" ብሎ አረመኝ። በፔዲዎች አገር ነው ያለሁት፤ በሱቅ የለቀምኳት ዙሉኛዬም አትሠራም ማለት ነው። ምሕረት ማደሪያዋ እንደሌለች፣ ዛሬ ፕሮግራም እንዳለ ነግሮ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት መራኝ። ነስሩ በሩ አጠገብ ባኪውን አቁሞ እዚያው ጋቢና ውስጥ ጋደም አለ።

ግቢው እኔ እንደፈራሁት አልነበረም፤ ይህም በራሱ አስፈራኝ። ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ቆስጣ የሚበቅልበት የላስቲክ ቤት፣ አንድ ትልቅ ግራር። ከግራሩ ሥር ተማሪ ተራርቆ እንዲቆም ክብ ክብ በኖራ ተሠምሯል። ክትባት የሚሰጥበት ድንኳን አለ፤ ከአጠገቡ ዳቦና የታሸገ ዓሣ የሚታደልበት ጠረጴዛ። ግን ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት እንኳ ትተውት ሄደዋል።

የተማሪዎች አገልግሎት ከመማሪያ ክፍል የተለወጠ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ በሩ ብረት ነው። ኃላፊዋ ማም ሬቤካ ከጠረጴዛዋ ማዶ ሆነው ተቀበሉኝ። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው።

"እዚህ ሁሉም ነገር ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ዳቦ የጎደለውም፣ ያመመውም፣ ያለቀሰውም" አሉ በእንግሊዝኛ። "የምሕረት አባት ምን ላድርግልዎት?"

"ልወስዳት ነው የመጣሁት።"

"እሷ ታውቃለች?"

አለማወቋን አመንኩ። ፈተናው መቃረቡን፣ ማደሪያዋን ከለቀቀች ለሌላ ተማሪ እንደሚሰጥ፣ ዓመቱም እንደሚባክን ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። "ውሳኔው የቤተሰብ ነው። ግን ከእኔ በፊት ለእሷ መንገር ነበረብዎት። ዛሬ ደግሞ ቀኑ…" ብለው ጀምረው "ሻማውን ረሳሁት" አሉና ወደ ጓዳው ገቡ።

ያን ጊዜ ዘፈኑን ሰማሁ።

መጀመሪያ ከሩቅ ነበር፣ ወፍራም የወንዶች ድምፅ። ቀጥሎ የሴቶቹ ከላይ ተነሣ። ከዚያ እግሩ መጣ፤ ብዙ እግር በአንድነት መሬቱን ሲመታ። ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ያን የተቃጠለ ሱቅ አሰብኩ። ምን እንዳደረግኩ አሁን ሳስበው እንጂ ያኔ አላሰብኩትም። የብረቱን በር ወርውሬ ዘጋሁት፤ መቀርቀሪያውን ገፋሁ፤ ጠረጴዛውን ጎትቼ አስደገፍኩ። ማም ሬቤካ ሻማ ታቅፈው ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ሃይቦ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ዝቅ ይበሉ!" አልኳቸው፤ እኔ ራሴ ወለሉ ላይ ነበርኩ።

ዘፈኑ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።  ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

"አባዬ፣ ክፈት። እኔ ነኝ።"

የልጄ ድምፅ ነው። ይዘዋት ነው ብዬ አሰብኩ። ይዘው፣ ጥሪው ብለዋት ነው። ማም ሬቤካ አንድ ነገር ይሉኛል፣ አልሰማቸውም።  የምችለውን ያህል ወደ ጌታ ጮህኩ፣ ጠረጴዛውን ገፋሁ፣ መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ሳብኩ፤ እኔን ይዘው እሷን ይልቀቁ ብዬ ከፈትኩት።

ደጃፉ ላይ ተማሪዎች ተራርቀው በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ሁሉም ማስክ፣ ሁሉም ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ። ከሁሉ ፊት ልጄ ናት። የታጠፈ ሽርጥ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች፤ ሽርጡ ላይ ትልቅ የእንጨት ማማሰያ ተጋድሟል።

ኮኮ ሊዲያ

ያን ቀን የነበረው ፕሮግራም ስንብት ነበር። የኮሌጁ ወጥ ቤት ሠራተኛ በወረርሽኙ ሞተዋል። ሊዲያ ይባላሉ፤ ተማሪዎቹ ኮኮ ይሏቸው ነበር፣ አያቴ ማለት ነው። ቀብር በቁጥር ስለሆነ ተማሪዎቹ መቅበር አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ እስከ አዳራሹ እየዘመሩ አጅበው ሊሰናበቷቸው ነው የመጡት። በሩን የዘጋሁት በለቀስተኛ ላይ ነው።

ማም ሬቤካ ወጥተው በቋንቋቸው አጭር ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ኋላ ምሕረት ነገረችኝ፦ "ይቅርታ ልጆቼ፣ ንፋስ ነው የዘጋው።" አንድ ቅጠል እንኳ የማይነቃነቅበት ቀን ነበር። ግን ማንም አልሳቀም።

ሻማው በራ፤ ሽርጡ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። እንደገና ሲዘምሩና መሬቱን ሲመቱ አጠገባቸው ቆሜ ዓይኔ መቀርቀሪያውን ፈለገ። የሐዘን መሆኑን አውቄም ፈለገ። ልጄ ታስጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ባንኮኒ ሥር የምትገባው ልጄ!

ሲያልቅ ግራሩ ሥር፣ እያንዳንዳችን በየክባችን ተቀመጥን።

"ሽርጡን ለምን አንቺ ያዝሽ?" አልኳት።

መሬት መሬት አየች። "ሱቁ የተቃጠለ ቀን እሷ ቤት ነበርኩ አባዬ። ኮኮ ናት መጥታ የወሰደችኝ። ከልጅ ልጆቿ ጋር አስተኛችኝ። እሷ ወንበር አውጥታ አጥሩ በር ላይ ተቀመጠች። ሰዎች መጥተው 'የባለሱቆቹ ልጅ አንቺ ጋ ናት' ሲሏት 'እዚህ ያሉት የእኔ ልጆች ናቸው' አለቻቸው። እስኪነጋ አልተነሣችም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትወስደኛለሃ። አሁንም ዘበኛው መምጣትህንና ያለህበትን ሲነግረኝ ገመዱን ባኪው ላይ አይቼዋለሁ፤ የመንገዱ ንፋስ ብርድ ልብሱን ገልጦታል።" ፈገግ ብላ "ይኼኛው የእውነት ንፋስ ነው" አለች።

አለቀስኩ። ማስኬ እስኪርስ አለቀስኩ፤ ላቅፋት ፈልጌ ክቡ ከለከለኝ።

"እዚህ አደጋ የለም አልልህም" አለች። "ና ካልከኝ እመጣለሁ። ግን ቤት መጥቼ ምን እሆናለሁ? ባንኮኒ ሥር መግባት ነው።"

"ምሕረት፣ ያ ዘፈንና ይሄ ዘፈን እግሩ አንድ ነው። በምን ትለዪዋለሽ?"

"ቃሉን ነዋ የምሰማው። አንተ እግሩን ብቻ ነው የምትሰማው።"

ተነሣሁ። ወደ ነስሩ ሄጄ ቀሰቀስኩት።

"ልጅቷስ? ፍራሹስ?"

"ብርድ ልብሱን ብቻ አውርድ።"

ነስሩ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ዓይኔን ሲያይ ተወው። "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ብርድ ልብሱን ራሱ ተሸክሞ ሰጣት።

መመለሻ

ብርቱካኑን ምሕረት ግማሹን ወስዳ፣ ግማሹን ኮኮ ቤት እንዳደርስ መለሰችልኝ። ቤቱ ከመንገዱ አይርቅም። አጥሩ በር ላይ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነበር፣ ማንም ያልተቀመጠበት። የሟቿ ሴት ልጅ ወጣች። "ቶቤላ" አልኳት፤ ከዚያ በላይ ቃል አልነበረኝም። "የምሕረት አባት" ብዬ ደረቴን ነካሁ። ከረጢቱን ተቀበለችኝና በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው።

የሰዓት እላፊው ሳይደርስብን ዳቬይተን ገባሁ። አልማዝ ባዶዎቹን ሻንጣዎች አይታ "ልጄስ?" አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ኮኮ ስነግራት አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣች፤ ሦስት ቀን ያህል በደንብ አላናገረችኝም። አልፈርድባትም። ጉዞው ፍርሃቴን አልወሰደልኝም፤ የፈራሁት ነገር እውነት ነበርና። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር እኔ በፍርግርግ ውስጥ ሆኜ ለልጄ ስፈራ፣ ሌላ ሰው ደጅ ወጥቶ እንደተቀመጠላት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ከመንገዱ ማዶ ዘፈን ተነሣ። ቀጥሎ እግሩ መጣ።

"ዝጋ!" አለች አልማዝ።

እጄ መዝጊያው ላይ ነበር፤ እየወረደም ነበር። "ቆይ" አልኳት፤ ጆሮዬን አዘንብዬ ቃሉን ለመስማት ሞከርኩ። አብዛኛው አይገባኝም። አንድ ቃል ግን ለየሁ፤ ኢንኮሲ፣ ጌታ ማለት ነው። ሬሳ ይዘው ነበር።

መዝጊያው ግማሽ ላይ ቆመ። ከዚያ ላወርደው አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ላነሣውም አልቻልኩም። አልማዝ አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች። በቀረው ክፍተት የሚታየን እግር ብቻ ነበር፤ የተወለወለ ጫማ፣ ሸበጥ፣ ባዶ እግር፣ አቧራውን እየመቱ ያልፋሉ። ሁለታችንም እስከ መጨረሻው እግር ድረስ አየን፤ የልጃችንም እግር ከእንዲህ ያሉ እግሮች መካከል ነው።