በሁለቱ ሣጥኖች መሐል

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ቤይሩት ውስጥ ደግሞ ሐሙስ ዕረፍት የሚሰጠው የእኛ ሰው የለም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን እኅቶቼ ሦስቱም ነጠላቸውን በቦርሳ ይዘው በወጥ ቤቱ በር ሲገቡ ሳይ፣ አንዳቸውም ሳይናገሩ አወቅሁ። የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ካሉት ሁለት የድሮ የእንጨት ስፒከሮች ጀርባ አቧራ እየጠረግሁ ነበር፤ ከውስጣቸው የሞቀ እንጨትና የአሮጌ ሙጫ ሽታ ይወጣል።

«ወርቄ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለችኝ ታላቂቱ።

«እናቴ ናት?»

«አዎ እኅቴ። አርፈዋል።»

ዕድሜ ጠግባ፣ ቆርባ ነውና የሞተችው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ አለቀስሁ። ዓይኔ ግን እንባ እያፈሰሰም ከሁለቱ ሣጥኖች ላይ አልነሣ አለኝ።

ሰቆጣ እንዲህ ያሉ ሁለት ሣጥኖች ነበሩን። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት እንደ ሆነው፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ኪሮስ ወልድያ የቀን ሥራ ሲሠራ ከርሞ ሲመለስ፣ ሌላው ጎረምሳ ጫማና ጃኬት ይዞ ከሚወርድበት አይሱዙ ላይ እሱ ከአንድ ከተዘጋ ቡና ቤት የገዛቸውን ሁለት ስፒከሮች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ይቅር ይበለኝና እንደ ታቦት አቅፎ ወረደ። የሚያናግራቸውን ዕቃ ግን አልገዛም፤ ስፒከር በራሱ የሚናገር መስሎት ነበር። በማግሥቱ ከአንድ ሾፌር ባትሪ ለምኖ የአንዱን ሣጥን ሽቦዎች ከባትሪው ጫፎች ጋር ቢያነካካ፣ ከፊት ያለው ጥቁር ወረቀት እንደ ደነገጠ እንቁራሪት ዘለለና «ዱብ» ብሎ ዝም አለ። ጎረቤታችን እመት ለተብርሃን በአጥር ላይ ሆነው ሲያዩ ኖረው፣

«ኪሮስ፣ ተናገረልህ እኮ። ‹ራበኝ› ነው ያለው» አሉት።

«እንግዲያማ ባለቤቱን መስሏል፣ እመት።»

ሾፌሩ ነው እንግዲህ ስፒከር በራሱ ጉልበት የለውም፣ ከኋላው የሚገፋው ይሻል ብሎ፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ቴፕ የሰጠው። አያ ኪሮስ የቴፑን ቢጫና ቀይ ሽቦ አንድ ላይ ገምዶ ከባትሪው መደመር፣ ጥቁሩን ከመቀነሱ አሰረ፤ ለሁለቱ ሣጥኖች የሚሄዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ግን ሁሉም አንድ መልክ ስለ ነበሩ፣ ከየጥንዱ በአንዱ ላይ ቀይ ክር ቋጠረበት። «ክር ያለበት ከሣጥኑ ጀርባ ካለው ከቀዩ ማስገቢያ ነው። ጠንቃቃ አንቺ ነሽና ላንቺ ነው የማሳይ» አለኝ፤ የዚያን ቀን ኩራቴን አሁንም አልረሳሁት። ባትሪው ሲደክም በጀርባዬ አዝዬ ወፍጮ ቤት እወስደዋለሁ፤ የወፍጮው ሞተር እህል እየፈጨ ባትሪያችንንም ይሞላልናል፤ የባትሪው አሲድ የበሳሳውን ቀሚሴን ለብሼ፣ በዱቄት ነጥቼ ስመለስ የአገር ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ሣጥኖቹን ከቤቱ ሁለት ማዕዘን አቁሞ፣ የእናቴን መቀመጫ ከመሐላቸው አደረገው። ድምፁ የሚገናኘው መሐል ላይ ነው ይል ነበር፤ እውነቱንም ነው፤ እሑድ መዝሙር ሲከፍትላት ዘማሪው ከፊቷ የቆመ ያህል ይሰማት ስለ ነበር፣ አንድ ጊዜ «ይህን ሰውዬ ተቀመጥ የሚለው እንኳ የለም?» ብላ አስቃናለች።

ከዚያ አያ ኪሮስ እንደ እኩዮቹ ሰሊጥ ለማረም ሁመራ ወረደ፤ ከሁመራም ሱዳን ተሻገረ። እኔ ሽቦዎቹን ነቅዬ ሣጥኖቹን በማዳበሪያ ሸፈንሁ። በዚያው ሰሞን የሟች አባቴን ዳዊት ማንበብ ጀምሬ ነበርና፣ የዕለቱን መዝሙር የማመለክትበት ክር ቢበጠስብኝ ከአንደኛው ሽቦ ላይ ቀዩን ክር ፈትቼ ከገጾቹ መሐል አስገባሁት። ለጸሎት ነውና ቅር አላለኝም።

ዓመት ሲሞላው አንድ የአካባቢያችን የኒሯቅ ሰው ከሱዳን ሲመለስ ካሴት አመጣልን፤ አያ ኪሮስ ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፁን ቀድቶ ላከ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እናቴ ከመሐል፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ በየግድግዳው ሥር ተቀመጡ። እኔ ሽቦዎቹን አገናኘሁ፤ ክር ያለበትን ከቀዩ፣ ክር የሌለበትንም ጥንድ በግምት አስገብቼ፣ ከግራው ሣጥን አጠገብ ባትሪው ላይ ተንበረከክሁ።

ወንድሜ ተናገረ። ያ ወፍራም፣ ደረት የሞላ ድምፁ፣ በቋንቋችን በኽምጣንጋ እናቱን ሰላም ሲል ከጆሮዬ ሥር ሰማሁት። ቀና ስል እናቴ ፊቷ ተለውጧል። አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጣሪያው ታዞራለች።

«ይህ ማነው?» አለች።

«ኪሮስ ነዋ!» አሉ እመት ለተብርሃን ከቀኝ በኩል።

«ኪሮስ አይደለም። ይህ ሥጋ የለውም። ከየት እንደሚመጣ እንኳ አይታወቅም።»

«ኧረ እሱ ራሱ ነው፣ በሞቴ» አለች ሌላይቱ።

እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። በእኛ አገር በሰው አገር የሞተ ሰው መርዶ ድንገት አይነገርም፤ ታሟል ይባላል፣ ሰላም ብሏል ይባላል፣ ቀን እስኪመረጥ ድረስ ሁሉም ይደባበቃል። እሷም ለስንቱ ስትደብቅ ኖራለችና፣ ሁሉም አንድ ቃል መናገራቸው ራሱ ማስረጃ ሆነባት። «በሌላ ሰው አፍ አስቀድታችሁልኝ ነው። እናንተማ ታውቃላችሁ» አለች በቀስታ። ካሴቱ ሳያልቅ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ልትመልሳት የቻለች አልተገኘችም። ካሴቱን ደግመን እንዳንከፍት ገዘተችን፤ ራሷን ተላጨች፤ የክርስትና ስሙን ለቄሱ ሰጥታ ከሙታን ጋር እንዲታሰብ አደረገች። ቄሱ «እማማ፣ ያላረጋገጥነውን» ቢሏት፣ «እናት ናት የምታረጋግጥ» አለቻቸው። ከሱዳን የሚመጣ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ይላታል፤ እሷ ታመሰግንና ጠላ ትቀዳለታለች፤ ሲወጣ «ሰው ለማጽናናት የማይለው የለም» ትላለች። እኔ ድምፁን በደንብ ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን አልሰማችም፤ ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን የአንድ ሰው ድምፅ የሁለት ሰው አድርገን እንዴት እንደ ሰማን ሳይገባኝ፣ አንዳንዴ እውነት የሙት ድምፅ ይሆን እንዴ እያልሁ በዚያ ቤት መሐል ማለፍ እፈራ ነበር።

ሁለት ዓመት አልፎ ወንድሜ ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ማልደው ለመርዶ ሲመጡ እናቴ በር ከፍታ አስቀመጠቻቸው። «ደክማችሁ መጣችሁ። እኔ ጨርሻለሁ» አለቻቸውና ቁርስ አቀረበችላቸው። ለአያ ኪሮስ መርዶው በመጣበት ቀን በቤታችን አልተለቀሰም።

እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ወር፣ የምሠራበት ቤት ባለቤት የሆነው ሽማግሌ፣ ልጁ ስፒከር የሚያናግር ማጉያ ልኮለት፣ እነዚያን ሁለት ስፒከሮች እንዳገናኝለት ለመነኝ። ወንድሜ እንዳሳየኝ ስለማውቅ፣ ሽቦዎቹ ምልክት ባይኖራቸውም በድፍረት አገናኘሁ። ሽማግሌው ከመሐል ወንበሩ ላይ ጥቂት አዳምጦ፣ «ዘፋኙ የት ሄደ?» አለኝ። ተነሥቶ ከአንደኛው ሣጥን ኋላ ሁለቱን ሽቦዎች ብቻ አቀያየረና በራሱ ወንበር አስቀመጠኝ፤ በየግድግዳው ተበትኖ የነበረው ድምፅ ተሰብስቦ፣ ሥጋ ለብሶ፣ ከፊቴ ቆመ። አንዱ ሣጥን ድምፁን ሲገፋ ሌላው ከሳበ፣ አለኝ፣ ዳር ያለ ሰው ይሰማል፤ መሐል የተቀመጠ ሰው ላይ ግን ይጠፋል።

ለንስሐ አባቴ በስልክ ነገርኋቸው። የልጅ ስሕተት ነው፣ ኀጢአት የለብሽም አሉኝ፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን ያን ቀይ ክር ፈትቼ ልጇ በሕይወት የነበረባቸውን ሁለት ዓመታት ከእናቴ የወሰድሁባት እኔ ነኝ፤ ይህ ከኀጢአት ሌላ ስም ካለው አላውቀውም።

እመት ለተብርሃን፣ እናንተም በዚያን ቀን ግራና ቀኝ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ካገኛችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በመጨረሻዋ ሰሞን ያስታመማችኋት እናንተ ናችሁ። ያ ድምፅ የልጇ እንደ ነበር አንድ ጊዜ እንኳ ተናግራ እንደ ሆነ ንገሩኝ። ካልተናገረችም እንዳልተናገረች ንገሩኝ፤ እኔን ለማጽናናት ብላችሁ ግን አንዲት ቃል አትጨምሩልኝ።