የደህና ድንኳን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ሰው ጎረቤቱን ሲያማ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ኤርሲዶና እኔ ጡረታ ከወጣን በኋላ ከዶዮገና ወጣ ብሎ ባለች ትንሽ መሬት ላይ እንኖራለን። ጥቂት እንሰት፣ ስድስት የፖም ዛፍ፣ አራት ቀፎና ሦስት በጎች አሉን። ለገበያ አይደለም፤ እጃችን ሥራ እንዳይፈታ ያህል ነው። በዚያ ሰሞን ኤርሲዶ ልቡን ታሞ ሆሳዕና ልጃችን ቤት ሆኖ ይታከም ነበር። እኔ ለበጎቹ ስል ቀረሁ። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለነበር ስልኬ ተዘግቷል፤ ድምፁን ከሰማሁ ሁለት ቀን ሆኖኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አገር እያዩ የሚዞሩ ወጣት ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። ሚስትየዋ ሕይወት ትባላለች። ጓሮዬ ድንኳን ተክለው ለማደር ፈቃድ ጠየቀችኝ። በሽተኛ ባለበት ቤት «ድንኳን» የሚለው ቃል ለጆሮ አይጥምም። ቤት ውስጥ እደሩ ብዬ ለመንኳቸው፤ የመጡት ግን ውጭ ለማደር ነው። እንግዳ ናቸውና እሺ አልኩ። ትንሿን ድንኳናቸውን ፖሞቹ ሥር ተከሉ። ዝናብ ስለነበረም ከበላይዋ ሰፊ ሸራ ከዛፍ ዛፍ ወጠሩ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ በጎቹን ላወጣ ስል የአጥሩ በር ተከፈተ። ከፊት አቶ ሀንዲሶ፣ ከኋላቸው ጋቢ የተከናነቡ ስምንት ዘጠኝ ጎረቤቶች። አቶ ሀንዲሶ በድንበር ምክንያት ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። አሁን እንባቸው ይወርዳል።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። የተኳረፈ ሰው እያለቀሰ ከገባ ደግሞ የሚጠየቅ ነገር የለም። ኤርሲዶ ሞቷል፣ ከእኔ ቀድመው ሰምተዋል አልኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ድምፃቸውን ለቀቁ።

ሕይወት ከድንኳኗ ወጣች። ለቅሶው በከምባትኛ ስለነበር አንድም ቃል አልገባትም። አጠገቤ ተንበርክካ በቀስታ፣

«እማማ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

ባለቤቴ መሞቱን ነገርኳት።

«ማን ነገረዎት?»

በእጄ አቶ ሀንዲሶን አሳየኋት። ዞራ እሳቸውን ጠየቀች።

«እኛን ማን ይነግረናል?» አሉ በአማርኛ። «ድንኳኑን አይተን ነው እንጂ።»

ሸራው ከመንገድ ሲታይ የእድር ድንኳን መስሏቸው ነበር። ሰው ታሞ በሄደበት ቤት ድንኳን ከቆመ ሞተ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ልቤ ግን ገና አላመነም። ሕይወት ቁጥሩን አስነገረችኝና በራሷ ስልክ ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሴቶቹ ተጠግተው ከበቡን።

«በዚህ ጠዋት ማነው?» አለ ኤርሲዶ እየተነጫነጨ።

አቶ ሀንዲሶ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ልንቀብርህ መጥተን ነበር፤ እምቢ አልክ።»

«ሀንዲሶ ነህ? አንተም መጣህ?» አለ ባለቤቴ።

«መጣሁ።»

«እንግዲያው ቁርስ ሳትበላ እንዳትሄድ።»

ሴቶቹ ለለቅሶ ይዘው የመጡትን ቆጮ ከእንግዶቹ ጋር በላን። ሕይወት ይቅርታ ልትጠይቅ ብትሞክር ማንም አላስጨረሳትም። ያን ያህል ሰው ሲያለቅስ ሳትደናገጥ መጠየቋን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ጎረቤቶቼን የማደንቀው ደግሞ ሳይጠይቁ በመምጣታቸው ነው። ፊት ለፊት ነግሬያቸው አላውቅም።

ኤርሲዶ መስከረም ላይ ተሽሎት ሲመለስ በዚያ ጠዋት የመጡትን አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ከዚያ ከቀፎው ማር ቆርጦ ወደ አቶ ሀንዲሶ ቤት ሄደ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

አሁን እንግዳ ድንኳን ሊተክል ሲመጣ አስቀድሜ ለአቶ ሀንዲሶ «የደህና ነው» ብዬ መልእክት እልክላቸዋለሁ። እሳቸው ግን ለማንኛውም ብለው በማለዳ መጥተው ያያሉ።